ትርፍ የተባሉት ሯጮች

ኦገስት 7 ቀን 2021 ቶኪዮ ላይ የሴቶች 10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ፋይናል ተሮጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የአትሌቲክሱ መዝገብ የሚያዘው በሱ ስለሆነ ነው።) አንደኛ ሲፋን ሐሰን ወጣች፤ 29 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ከ32። ሁለተኛ ቃልኪዳን ገዛኸኝ፤ ከሲፋን አንድ ሰከንድ እንኳን አልራቀችም። ሦስተኛ ለተሰንበት ግደይ። ሦስቱም ኢትዮጵያ የተወለዱ ናቸው። ሜዳሊያው ሲሰጥ ግን ሦስት የተለያዩ ባንዲራዎች ተሰቀሉ፤ የኔዘርላንድስ፣ የባህሬን እና የኛ። የኛው ሦስተኛው ነው።

መቼም እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥመን ወዲያው ለሁለት እንከፈላለን። አንዱ ወገን «ያው የኛው ደም ናቸው፣ ወርቁም ብሩም የኛ ነው» ብሎ ይጨፍራል። ሌላው «አገራቸውን በዶላር የሸጡ» ብሎ ይራገማል። ሦስተኛ ወገንም አለ፤ ይሄኛው ረጋ ብሎ «ምን አለበት፣ እኛ እንደሆንን ሯጭ ሞልቶናል» ይላል። እኔ ዛሬ ላወራ የፈለግሁት ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ጋር ነው። ጨፋሪውም ተራጋሚውም ስሜቱ ሲበርድለት ወደሱ ነው የሚመለሰው። ሯጭ ሞልቶናል፣ ትርፍ ነው፣ ይሂድ።

እውነት ትርፍ ነበሩ ወይ? ትርፍስ ከነበሩ ትርፉን ማን በላው?

ሰው የሚለዋወጡ ሰዎች

ጥያቄውን በደንብ ለማየት ለትንሽ ጊዜ ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ እዚያ «ትርፍ ተጫዋች» የሚባለውን ነገር እንደ ሒሳብ ትምህርት የሚሠሩት የቤዝቦል ክለቦች ናቸው። (ቤዝቦል አታውቁም? ግድ የለም፣ ሕጉን ማወቅ አያስፈልግም።) እያንዳንዱ ትልቅ ክለብ ከሥሩ የታችኛው ሊግ ቡድኖች አሉት፤ እዚያ ታዳጊዎችን ያሳድጋል። አንዳንዴ በአንድ ቦታ ላይ ተስፈኛ ልጅ ይበዛበታል፤ በሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ዋናው ቡድን ይሳሳል። ያን ጊዜ ለሌላ ክለብ ይደውልና «ሁለት ታዳጊ ልስጥህ፣ አንተ ያንን የበሰለውን ተጫዋችህን ስጠኝ» ይላል። አንዱ ነገን ይሰጣል፣ ሌላው ዛሬን ይሰጣል። ንግድ ነው።

ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ የ1987ቱ ነው። የዲትሮይት ክለብ ለዋንጫ እየተፎካከረ ሳለ ኳስ ወርዋሪ አነሰው። በኦገስት ወር ጆን ስሞልትዝ የሚባል የ20 ዓመት ልጅ ለአትላንታ ሰጠና ዶይል አሌክሳንደር የሚባለውን አንጋፋ ወርዋሪ ወሰደ። አሌክሳንደር በቀረው የውድድር ዘመን ዘጠኝ ጨዋታ አሸነፈ፣ አንድም አልተሸነፈም፤ ዲትሮይትም ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። ስሞልትዝ ግን አትላንታ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲወረውር ኖረ፤ በ1996 የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተባለ፣ በ2015 የታላላቆቹ መዘክር ውስጥ ስሙ ገባ። ዛሬ ሰው ሁሉ በዲትሮይት ይስቃል። እኔ ግን እላለሁ፣ ዲትሮይት ቢያንስ ዘጠኝ ድል አግኝቷል። ምን እንደሰጠና ምን እንደተቀበለ በወረቀት ላይ ያውቀዋል። ተከራክሮ «ተበልተናል» ለማለት እንኳን ሁለቱ የሒሳብ ዓምዶች አሉት።

እኛ ጋ ያለው አንዱ ዓምድ ብቻ ነው። የወጣው ይታወቃል፣ የገባው ግን ባዶ ነው።

ሦስት ወንበር

የኛ ትርፍ ከየት እንደሚመጣ ለማስረዳት የአየር ጤና ታክሲ ይበቃል። ከአየር ጤና ሜክሲኮ ጠዋት ተሳፍራችሁ ታውቃላችሁ? ወያላው ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር ላይ አራተኛ ያስገባል፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። አራተኛው ሰው በሰፈራችን ቋንቋ «ትርፍ» ይባላል። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ትርፉ ጎንበስ ይላል፤ ፖሊሱ ሲያልፍ ቀና ይላል፤ ሒሳቡን ግን እንደማንም እኩል ነው የሚከፍለው።

ኦሊምፒክ ላይ ጠጋ በሉ የሚል ወያላ የለም። አንድ አገር በአንድ የሩጫ ውድድር የሚያሰልፈው ቢበዛ ሦስት ሰው ነው። የዓለም ሻምፒዮናም በመሠረቱ እንደዚያው ሆኖ፣ ያለፈውን ሻምፒዮና ያሸነፈ ሰው ካለ በሱ ምክንያት አንድ ቦታ ይጨመራል። ሦስት ወንበር ለአብዛኛው አገር ብዙ ነው፤ አንዱን እንኳን መሙላት የሚያቅተው ሞልቷል። ለኢትዮጵያና ለኬንያ ግን ሦስት ወንበር ማለት በሥራ መግቢያ ሰዓት አየር ጤና አደባባይ ላይ የቆመች አንዲት ሚኒባስ ማለት ነው።

ጥልቀታችን ምን ያህል እንደነበር እስኪ እናስታውስ። 2001 ኤድመንተን፣ ሴቶች 10,000 ሜትር፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ብርሃኔ አደሬ፣ ጌጤ ዋሚ፤ አንድ ሁለት ሦስት። 2003 ፓሪስ፣ ወንዶች 10,000 ሜትር፤ ቀነኒሳ በቀለ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ስለሺ ስህን፤ አንድ ሁለት ሦስት። 2005 ሔልሲንኪ፣ ሴቶች 10,000 ሜትር፤ ጥሩነሽ ዲባባ፣ ብርሃኔ አደሬ፣ እጅጋየሁ ዲባባ፤ አሁንም አንድ ሁለት ሦስት።

ከሁሉም የሚገርመው ግን የዚያው የሔልሲንኪ የሴቶች 5,000 ሜትር ነው። ጥሩነሽ በ2003 ሻምፒዮን ስለነበረች አራተኛ ወንበር ተፈቀደልን። ውጤቱ? ጥሩነሽ አንደኛ፣ መሠረት ደፋር ሁለተኛ፣ እጅጋየሁ ሦስተኛ፣ መሰለች መልካሙ አራተኛ። አራተኛ በር ሲከፈት አራተኛዋ በዚያው በር ገብታ አራተኛ ወጣች። አምስተኛ ወንበር ቢኖር ማን እንደሚቀመጥበት እግዜር ይወቅ።

እንግዲህ አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ሁኑና አስቡት። በአገራችሁ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ናችሁ። በዓለም ላይ ደግሞ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ናችሁ። የዓለም ስምንተኛ ሆናችሁ ኦሊምፒክን በቴሌቪዥን ነው የምታዩት። ከዚያ አንድ ሰው ይመጣና «ሌላ ባዶ ታክሲ አለ» ይላችኋል።

አራተኛው ሲሮጥ

አራተኛውን ሰው ከመናቃችን በፊት ግን የራሳችንን ታሪክ እንመልከት። የኢትዮጵያ የማራቶን ታሪክ በአብዛኛው የተጠባባቂ ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

1960 ሮም። አበበ ቢቂላ ቡድኑ ውስጥ የገባው በመጨረሻው ሰዓት፣ በዋሚ ቢራቱ ምትክ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ። 1968 ሜክሲኮ። አገሩ ሁሉ የሚጠብቀው አበበ ሦስተኛ ወርቁን እንዲያመጣ ነው፤ እሱ ግን ታሞ 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ከኋላው የነበረው ማሞ ወልዴ ወርቁን አመጣው። ማሞ በዚያው ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትርም ብር አግኝቶ ነበር። ሁለተኛ ሰው ባይኖረን ኖሮ ሜክሲኮ ላይ ማራቶናችን 17 ኪሎ ሜትር ላይ ያልቅ ነበር።

2024 ፓሪስ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ለወንዶች ማራቶን የተመረጡት ቀነኒሳ በቀለ፣ ሲሳይ ለማ እና ደሬሳ ገለታ ነበሩ። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ። ልብ በሉ፣ ታምራት የ2022 የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ በ2023 ኒውዮርክን የቦታውን ሪከርድ ሰብሮ አሸንፏል። እንደዚህ ያለ ሰው ነው «ትርፍ» የሆነው። ውድድሩ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ሲሳይ ተጎዳ፣ ታምራት ተተካ፤ ኦገስት 10 ቀን በ2:06:26 የኦሊምፒክ ሪከርድ ሰብሮ ወርቅ አገኘ። በዚያ ኦሊምፒክ ከኢትዮጵያ ቡድን ወርቅ ያገኘው እሱ ብቻ ነው።

በማግስቱ ኦገስት 11 የሴቶቹ ማራቶን ተካሄደ። የኛዋ ትዕግስት አሰፋ 2:22:58 ገባች። በ3 ሰከንድ ቀድማት ወርቁን የወሰደችው ሲፋን ሐሰን ነበረች።

ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጡት። ቅዳሜ፣ እዚሁ የቀረው አራተኛ ሰው አሸነፈልን። እሑድ፣ የሄደችው ልጅ አሸነፈችን። «ሯጭ ሞልቶናል» ለሚለው ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

የሄዱት

የሄዱትን ሁሉ በአንድ ከረጢት መጨመር ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ሲፋንን ማንም አልገዛትም። ከአገር የወጣችው በ2008 በ15 ዓመቷ ነው፤ ኔዘርላንድስ የገባችው ስደተኛ ሆና እንጂ የታወቀች ሯጭ ሆና አይደለም። ነርስነት እየተማረች ነው ሩጫውን በቁም ነገር የያዘችው፤ ዜግነት ያገኘችውም በ2013 ነው። እሷን «ሸጠችን» የሚል ሰው መጀመሪያ «መቼ ነበረችን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። አንድ አገር የ15 ዓመት ልጅ ለምን ብቻዋን ትሰደዳለች የሚለው ጥያቄ ከአትሌቲክስ ፌዴሬሽን በላይ ነው።

ሌሎቹ ግን እዚሁ ትራክ ላይ የታዩ ወይም ሊታዩ የተቃረቡ ናቸው። በ1999 ሔዋን አበየ የምትባል አዲስ አበባ የተወለደች ታዳጊ ወደ ቱርክ ሄደች። በዚያ ዓመት የረጅም ርቀት ሴቶቻችን እነማን እንደነበሩ አስታውሱ፤ ጌጤ ዋሚ ሴቪያ ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፣ አየለች ወርቁ በ5,000 ነሐስ አግኝታለች፣ ደራርቱ ደግሞ ለሲድኒ እየተዘጋጀች ነው። ወንበሩ ሞልቷል። ሔዋን በቱርክ ስሟ ኤልቫን አበይለገሰ ተባለች፤ በጁን 2004 በርገን ላይ የ5,000 ሜትርን የዓለም ሪከርድ በ14:24.68 ሰበረች። ሪከርዱን ወደ አገር የመለሰችው መሠረት ደፋር ናት፤ በ2006 ኒውዮርክ ላይ፣ በ15 መቶኛ ሰከንድ ልዩነት። ኤልቫን ቤጂንግ 2008 ላይ ከጥሩነሽ ቀጥላ ሁለት ብር ወስዳ ነበር፤ በኋላ ግን የ2007 ናሙናዋ እንደገና ሲመረመር የተከለከለ መድኃኒት ተገኘበትና ሜዳሊያዎቹ ተነጠቁ። የሄደ ሁሉ አልተሳካለትም ማለት ነው።

ዘነበች ቶላ ከአርሲ ወጥታ ስዊዘርላንድ ኖረች፤ በኋላ የባህሬን ዜግነት አገኘችና ማርያም ዩሱፍ ጀማል ሆነች። በ2007 ኦሳካ፣ በ2009 በርሊን በ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ለንደን 2012 ላይ ሦስተኛ ነበር የገባችው፤ ከፊቷ የነበሩት ሁለት ቱርካውያት በዶፒንግ ሲሰረዙ ወርቁ ወደሷ ዞረ። ለባህሬን የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ያ ነው። አበባ አረጋዊ ለንደን ላይ በኢትዮጵያ ማልያ ሮጠች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለስዊድን መሮጥ ጀመረች፤ በ2013 ሞስኮ ላይ በ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ቃልኪዳን ገዛኸኝ በ2010 ዶሃ ላይ በ18 ዓመቷ በ1,500 ሜትር የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮን ስትሆን ለኢትዮጵያ ነበር የሮጠችው። ከሦስት ዓመት በኋላ የባህሬን ሆነች።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። እኔም መዝገቡን ጎን ለጎን እስካስቀምጠው ድረስ አልታየኝም ነበር። ዘነበች በምን አሸነፈች? በ1,500። አበባስ? በ1,500። ቃልኪዳን በመጀመሪያ የታወቀችው? በ1,500። ሲፋን በ2019 ዶሃ ላይ ከ10,000 ጋር ደርባ ያሸነፈችውስ? 1,500። ከ2007 እስከ 2019 በዓለም ሻምፒዮና ሰባት ጊዜ የሴቶች 1,500 ሜትር ወርቅ ተሰጥቷል። ከሰባቱ አምስቱን የወሰዱት ኢትዮጵያ የተወለዱ ሴቶች ናቸው። ከአምስቱ በኢትዮጵያ ማልያ የተገኘው አንድ ብቻ ነው፤ ገንዘቤ ዲባባ በ2015 ቤጂንግ ላይ ያመጣችው። እሱም ለኢትዮጵያ ሴቶች በርቀቱ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ነበር።

ስለዚህ «ትርፍ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይሰበራል። በ10,000 ሜትር ትርፍ ነበረን፤ እሺ። በ1,500 ግን ትርፍ አልነበረንም፣ ጉድለት ነበረብን። የቤዝቦሉ ሰውዬ የሚሠራው ሥራ ይሄ ነበር፤ የት ነው የበዛብኝ፣ የት ነው የጎደለኝ ብሎ መቁጠር። እኛ በጅምላ «ሯጭ ሞልቶናል» ብለን የቆጠርነው ሁሉንም እንደ አንድ እህል ነው። ጤፍ ስለሞላ ጨው የማያስፈልገን መስሎናል። ከእጃችን የወጣው ደግሞ ጨዉ ነበር።

ኬንያ የሸጠችው

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ እንሽጣቸው?» ትሉ ይሆናል። ሰው ዕቃ አይደለም፤ አይሸጥም። ግን ኬንያ አንድ ጊዜ ወደዚያ የቀረበ ነገር ሞክራ ነበርና ትምህርቱ ይጠቅመናል።

በ2003 ስቲቨን ቸሮኖ የሚባለው የመሰናክል ሯጭ ኳታራዊ ሆነና ሳይፍ ሰዒድ ሻሂን ተባለ። በወቅቱ ጋዜጦች እንደዘገቡት ኬንያ የጥበቃ ጊዜውን የተወችለት ኳታር ኤልዶሬት ላይ ዘመናዊ የመሮጫ ትራክ ልትሠራ ቃል ስለገባች ነው። ሯጭ በትራክ፤ የቤዝቦል ሰው ቢሰማው በደስታ የሚፈርመው ውል ነው። ግን በዚያው ኦገስት ፓሪስ ላይ ሻሂን የኬንያውን ኢዝኪኤል ኬምቦይን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ቀድሞ ወርቁን ለኳታር ወሰደ። ኬንያውያን ርቀቱን እንደ ቤታቸው የሚያዩት ነው፤ አገር ተቆጣ። ለ2004 አቴንስ ኬንያ ፈቃድ ከለከለችው፣ ሻሂን ኦሊምፒኩን ሳይሮጥ ቀረ፤ ኬንያ አንድ ሁለት ሦስት ወጣች።

ኬንያ ያኔ ያላየችው አንድ ነገር አለ። ውሉ የተደረገው በመንግሥትና በመንግሥት መካከል ነው። ልጁን ሜዳ ላይ ያገኘው አሠልጣኝ፣ ያስተማረው ትምህርት ቤት፣ የመጀመሪያ ጫማውን የገዛለት ሰው በውሉ ውስጥ የሉም። ከላይ ተስማሙ፣ ከላይ ተጣሉ።

ደንቡ እና አስተማሪው

የዓለም አትሌቲክስ አስተዳደር የዜግነት ዝውውሩ ቅጥ አጣ ብሎ በፌብሩዋሪ 2017 ሁሉንም አገደ። በጁላይ 2018 በአዲስ ደንብ ከፈተው፤ አገር የሚለውጥ አትሌት ሦስት ዓመት ይጠብቃል፣ ከ20 ዓመት በታች አይፈቀድለትም፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው መለወጥ የሚችለው። ደንቡ ጥሩ ነው፣ በተለይ ታዳጊዎችን ከደላላ ይጠብቃል። ግን ደንቡ የሚቆልፈው መውጫውን ነው። ያችን የ18 ዓመት ልጅ «አትሂጂ» ይላታል እንጂ «እዚህ ይሄ አለሽ» አይላትም። እሱን ማለት ያለብን እኛ ነን።

ላሳደጓትም ምንም አይልም። እግር ኳስ እዚህ ላይ ይሻላል። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በገንዘብ ከአገር አገር ሲዛወር ከዝውውር ክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከዚያ ሌላ የሥልጠና ካሣ የሚባልም አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ዛፉን የተከለ ሰው ፍሬው ሌላ ግቢ ውስጥ ሲበላ ቢያንስ የውኃ ዋጋ ይከፈለው። በአትሌቲክስ እንዲህ ዓይነት ነገር የለም። በቆጂን እንውሰድ። ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ በሱ እጅ አልፈዋል። አንዲት የአርሲ ከተማ ለዓለም ያበረከተችውን ወርቅ የብዙ አገሮች ድምር አይደርስበትም። ነገ ከዚያ ሜዳ የወጣች ልጅ የሌላ አገር ማልያ ለብሳ ብታሸንፍ ግን ለሜዳው አንድ ጥንድ ጫማ የሚያስገኝ አንቀጽ የለም።

ይሄ ነገር ሩቅ የሚመስለው ካለ ጠዋት በ12 ሰዓት ከአየር ጤና በካራ ቆሬ አድርጎ ወደ ዓለም ገናና ሰበታ የሚወጣውን አስፋልት ይመልከት። የሰበታ መንገድ የማራቶን ሯጮች የታወቀ መለማመጃ ነው። ቱታ ለብሰው በረድፍ ከሚሮጡት ውስጥ ስማቸውን የምናውቀው በጣም ጥቂቶቹን ነው። ሌሎቹ እነዚያ አራተኛ፣ ዘጠነኛ፣ ሃያኛ የሚባሉት ናቸው። ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው፤ ሽልማት ያለው አንድ የጎዳና ሩጫ ሕይወታቸውን እንዲቀይርላቸው ይጠብቃሉ። ደግነቱ የጎዳና ሩጫ ወንበር አይቆጥርም። ዱባይ ማራቶን ላይ ከፊት ያሉትን ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሞሉት ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ እዚያ አራተኛ ብትወጣ የአራተኛ ገንዘብ ይከፈልሃል እንጂ ትርፍ ነህ አትባልም። ማራቶናችን እንደ 1,500 ሜትሩ ሰው ያልፈለሰበት አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል። ቦታ ያለው ሰው አገር አይለውጥም።

ምን ይደረግ

ሦስት ነገር እላለሁ፤ ሦስቱም ገንዘብ ከማብዛት በፊት ሐሳብ ማስተካከል የሚፈልጉ ናቸው።

አንደኛ፣ እንቁጠር። በየትኛው ርቀት ስንት ልጅ አለን፣ በየትኛው ጎድሎናል? በ10,000 ስድስተኛ የሆነች ልጅ በ1,500 ወይም በ3,000 መሰናክል አንደኛ ልትሆን ትችል እንደሆነ ሳንሞክር «ትርፍ» አንበላት። ሲፋን ከ1,500 እስከ ማራቶን በኦሊምፒክ ሜዳሊያ አግኝታለች፤ አንድ እግር ስንት ርቀት ሊሮጥ እንደሚችል ከሷ በላይ ምስክር የለም።

ሁለተኛ፣ ምርጫው አስቀድሞ የታወቀና የማይለዋወጥ ይሁን። ቡድን በተመረጠ ቁጥር ጭቅጭቅ የማይሰማበት ዓመት የለም። በጁን 2021 ለቶኪዮ የተደረገው የ10,000 ማጣሪያ አንድ ጥሩ ነገር ነበረው፤ ሮጠው ተለዩ። የተካሄደው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሔንግሎ፣ ኔዘርላንድስ። ሲፋን ጁን 6 ቀን እዚያው ትራክ ላይ የዓለም ሪከርዱን በ29:06.82 ሰበረች፤ በሁለተኛው ቀን በኛ ማጣሪያ ለተሰንበት 29:01.03 ሮጣ ቀማቻት። ሁለት የኢትዮጵያ ልጆች በ48 ሰዓት ልዩነት በሰው አገር ትራክ የዓለም ሪከርድ ተቀባበሉ። ተሸንፋ የቀረች ሯጭ በሰዓት ተሸንፋ ከሆነ ታዝናለች፣ ተመልሳ ትሠራለች። ለምን እንደቀረች ካላወቀች ግን ፓስፖርት ትፈልጋለች።

ሦስተኛ፣ የሄደ ሲሄድ ዋጋው ወደ ሥሩ ይመለስ። ኢትዮጵያና ኬንያ አንድ ላይ ሆነው የዓለም አትሌቲክስን መጠየቅ ይችላሉ፤ አትሌት የሚቀበል አገር ልጅቷ ላደገችበት ክለብ ወይም ፕሮጀክት የሥልጠና ካሣ ይክፈል። ለፌዴሬሽኑ ቢሮ ሳይሆን ለሜዳው። ልጅቷ ነፃ ናት፣ ትሂድ፤ የባህሬን ሽማግሌ ከሷ ጋር ይደራደር። ግን ጧት በ12 ሰዓት ሰዓት ይዞ የቆመላት መምህር ድርሻ ይኑረው። ኬንያ በ2003 የረሳችው እሱን ነው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ሰው መሄዱ አይቀርም። ሦስቱ ወንበር ሦስት ሆኖ ይቀጥላል፣ በሩም ላይ ሁልጊዜ ወረፋ ይኖራል። እኔ የማልስማማው ወረፋው ላይ የቆመችውን ልጅ ስትሄድ «ከዳተኛ»፣ ሳትሄድ ደግሞ «ትርፍ» በሚላት አፍ ነው። ታምራት ቶላ እስከ ጁላይ 2024 ድረስ ተጠባባቂ ነበር። ያንን ወርቅ ያገኘነው ታምራት ትርፍ ነህ ሲባል ጎንበስ ብሎ ስላልቀረ ነው። ቀጣዩ ኦሊምፒክ ሎስ አንጀለስ 2028 ነው፤ የዚያን ጊዜ አራተኛዋ ሯጭ ምናልባት ዛሬ ጠዋት በሰበታ አስፋልት ላይ አልፋለች። ማን እንደሆነች የሚያውቅ፣ በየትኛው ርቀት እንደምትሻል የመዘገበ ሰው ካለ ጥሩ። ከሌለ ግን አንድ ቀን በሌላ ስም በቴሌቪዥን እናያታለን።